ጣልያንኛ ላይ ወደፊቱን መናገር፦ ፓርሌሮ፣ ፓርሌራይ ከየት ይመጣል፣ እንዴትስ ይቆረጣል

ጣልያንኛ ምትማሩ ሰዎች ፉቱሮ (ወደፊት ጊዜ) ላይ ስትደርሱ ብዙዎቻችሁ ሰንጠረዡን ፎቶ ታነሱና በቃ እዛው ስልክ ውስጥ ይቀራል። እኔ ምለው ሰንጠረዡን መሸምደድ አያስፈልግም ነው፣ አማርኛ ምትናገሩ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አያስፈልጋችሁም፣ ምክንያቱም ጣልያንኛ ወደፊቱን የሰራበት መንገድ እኛ "እሄዳለሁ" ያልንበት መንገድ ነው ማለት ይቻላል። ሲላባ ሚሉትን፣ ማለትም ቃሉን ቁርጥ ቁርጥ አድርጎ መክፈሉን፣ ከፉቱሮ ጋር አንድ ላይ ብትይዙት ሁለቱም ይቀሏችኋል፣ እንደውም ለሲላባው የኛ ፊደል ከላቲኑ የተሻለ መሳሪያ ነው፣ እሱን ወደ ታች አሳያችኋለሁ።

ቀድሜ አንድ ነገር፦ ቃላቶቹን በኛው ፊደል ነው ምጽፋቸው፣ ሚጠብቅ ድምፅ ሲመጣ ጣልያኖቹ ፊደሉን ሁለቴ ስለሚጽፉት እኔም ሁለቴ እጽፈዋለሁ። "ራንኖ" ካልኩ ኖ ትጠብቃለች ማለት ነው። የላቲኑን አጻጻፍ እናንተ ደብተራችሁ ላይ አጠገቡ እየጻፋችሁ ሂዱ፣ ግማሹ ጥናት በዛው ያልቃል።

እንጀምር። መናገር ፓርላሬ ነው። ወደፊቱ ፓርሌሮ፣ ፓርሌራይ፣ ፓርሌራ፣ ፓርሌሬሞ፣ ፓርሌሬቴ፣ ፓርሌራንኖ። እናገራለሁ፣ ትናገራለህ፣ ይናገራል፣ እንናገራለን፣ ትናገራላችሁ፣ ይናገራሉ እንደማለት ነው። አንተና አንቺ አይለይም፣ እሱና እሷም አይለይም፣ ፓርሌራይ ለሁለቱም ፓርሌራም ለሁለቱም፣ እዚህ ላይ እፎይ በሉ። እርስዎ ለማለት "ሌይ" ብለው በሷ ነው ሚያወሩት፣ ስለዚ ዶክተሩን ወይ የቢሮ ሰውዬውን ስታናግሩ ፓርሌራ ነው እንጂ ፓርሌራይ አይደለም።

አሁን መጨረሻዎቹን ብቻ ነቅላችሁ አውጧቸው፦ ኦ፣ አይ፣ አ፣ ኤሞ፣ ኤቴ፣ አንኖ። ከዛ ደግሞ "አለኝ" ሚለውን ግስ፣ አቬሬን፣ በአሁን ጊዜ አርቡት፦ ኦ፣ አይ፣ አ፣ አብብያሞ፣ አቬቴ፣ አንኖ። አያችሁት አይደል? ያው ነው። ከአቬቴ ላይ መጨረሻውን ኤቴ ውሰዱ፣ ማይገጥመው አብብያሞ ብቻ ነው፣ እሱም ቢሆን የድሮው ጣልያንኛ "አቬሞ" ነበር ሚለው፣ ሮም ውስጥ በሰፈር አነጋገር ዛሬም ትሰሙታላችሁ። ታሪኩ እንዲህ ነው፣ በላቲን ጊዜ ሰዉ "ካንታሬ ሃቤዮ" ማለት ጀመረ፣ መዝፈን አለኝ እንደማለት፣ ቀስ እያለ ሁለቱ ተጣበቁና ካንቴሮ ሆነ፣ እዘፍናለሁ። ስለዚ አቬሬን ምታውቁ ከሆነ (ሳታውቁት ደግሞ ፉቱሮ ላይ አትደርሱም) ስድስቱንም መጨረሻ ታውቁታላችሁ።

እኛስ ምን አደረግን? "እሄዳለሁ"ን ቁረጡት፣ እሄድ እና አለሁ ነው። "ይሄዳል" ይሄድ እና አለ ነው፣ "ይሄዳሉ" ይሄድ ላይ አሉ ተለጥፎበት። እነሱ የ"አለኝ"ን ግስ ከኋላ ለጠፉ፣ እኛ "አለ"ን ከኋላ ለጠፍን። ይሄንን ያየ ሰው ፓርሌራንኖን ሲሰማ ከኋላ "ያሉት" እነማን እንደሆኑ ወዲያው ይታየዋል፣ አንኖ፣ አሉ።

ከዚህ በኋላ ያለው የግንዱ፣ ማለትም ከመጨረሻዎቹ በፊት ያለው የግሱ ክፍል ጉዳይ ነው፣ መጨረሻዎቹ ለየትኛውም ግስ አይቀየሩም፣ አንድም የተለየ የለም። በኤሬ ሚያልቁት ባሉበት ይሄዳሉ፣ ፕሬንዴሬ ፕሬንዴሮ ይሆናል፣ እወስዳለሁ። በኢሬ ሚያልቁትም እንደዛው፣ ዶርሚሬ ዶርሚሮ፣ ፊኒሬ ፊኒሮ፣ ያቺ አሁን ጊዜ ላይ ምታስቸግረው "ፊኒስኮ" ውስጥ ያለችው ነገር ወደፊቱ ላይ የለችም። ሚቀየሩት በአሬ ሚያልቁት ብቻ ናቸው፣ አ ወደ ኤ ይዞርና ፓርላሬ ፓርሌሮ ይሆናል፣ ፓርላሮ ብሎ ነገር የለም። ከነሱም ደግሞ ዳሬ፣ ስታሬ እና ፋሬ እምቢ ብለው በአ ቀርተዋል፣ ዳሮ፣ ስታሮ፣ ፋሮ።

አጻጻፍ ላይ ሰው ሚያምታታው ቼርካሬና ማንጃሬ አይነቶቹ ላይ ነው። ለዚህ አንድ ነገር ብቻ ያዙ፦ ጆሮ ሚሰማው ድምፅ አይቀየርም፣ ሚሯሯጠው አጻጻፉ ነው። ቼርካሬ ውስጥ ክ አለ፣ ወደፊቱም ላይ ክ መቅረት አለበት፣ ቼርኬሮ፣ ግን በላቲኑ ቺ ሚባለው ፊደል ከኤ ፊት ሲቆም ች ስለሚሆን ክ ሆኖ እንዲቀር አክካን (ኤች ፊደልን) መሃል ያስገቡለታል። ፓጋሬም ፓጌሮ ሲሆን ያው አክካ ይገባል። ማንጃሬ ላይ ደግሞ ተቃራኒው ነው፣ ኢ ፊደሏ የገባችው ጅን ለመፍጠር ብቻ ነበር፣ ኤ ሲመጣ ጅ በራሱ ስለሚመጣ ኢ ትባረራለች፣ ማንጄሮ። ኮሚንቻሬም ኮሚንቼሮ። ስቱድያሬ ላይ ግን ኢ በደንብ ስለምትሰማ አትነኳትም፣ ስቱድዬሮ።

አሁን ወደ ዋናዎቹ እንምጣ፣ በየቀኑ አፍ ላይ ያሉት ናቸው አመል ያላቸው። ቶሎ ቶሎ ሲነገሩ መሃላቸው ያለው አናባቢ ተበልቷል። አንዳሬ አንድሮ፣ አቬሬ አቭሮ፣ ፖቴሬ ፖትሮ፣ ዶቬሬ ዶቭሮ፣ ሳፔሬ ሳፕሮ፣ ቬዴሬ ቬድሮ፣ ቪቬሬ ቪቭሮ። ከነዚህ ባሰ ደግሞ አናባቢው ከተበላ በኋላ የቀረውን ተነባቢ ር የዋጠችባቸው አሉ፣ ቬኒሬ ቬንሮ መሆን ሲገባው ንን ር ዋጠቻትና ቬርሮ ሆነ፣ ቮሌሬ ቮርሮ፣ ሪማኔሬ ሪማርሮ፣ ቴኔሬ ቴርሮ፣ እና ቤሬ ቤርሮ። ይሄ እንግዳ ነገር እንዳይመስላችሁ፣ እኛም "ይሰበራል" ስንል ሰ ምትጠብቀው ተን ስለዋጠች ነው፣ "ተሰበረ" ላይ ያለችውን ተ። አንዱ ድምፅ ሌላውን ሲውጥ የዋጠው ይጠብቃል፣ በቃ። ኤስሴሬ ብቻዋን ነች፣ ሳሮ፣ ሳራይ፣ ሳራ፣ ሳሬሞ፣ ሳሬቴ፣ ሳራንኖ።

አሁን ሲላባ። ጣልያን አገር ልጅ ያላችሁ ሰዎች ይሄን ታውቁታላችሁ፣ አንደኛ ክፍል ላይ ቃል እየቆራረጡ ሲያስጽፏቸው ነው ሚውሉት፣ መስመር ሲያልቅ ቃሉን የት ጋር ሰብሮ ወደ ታች እንደሚወርድ፣ "አንዳሬ አ ካፖ" ይሉታል። ለኛ ለትልልቆቹ ደግሞ፣ ቺፒያ ሚባሉት የመንግስት የአዋቂዎች ትምህርት ቤቶች ውስጥ ለምትማሩም ሆነ ለዜግነት በፈረንጆቹ ከ2018 ጀምሮ ለሚጠየቀው ቢ1 የቋንቋ ደረጃ ለምትዘጋጁ፣ ቁረጡ ተብላችሁ ባትጠየቁም ዲክቴሽን ላይ አንዱን ፊደል ሁለቴ መጻፍ ወይ አንዴ መጻፍ ሚያድናችሁ ይሄ ነው።

የኛ ፊደል ጥቅም እዚህ ጋር ይመጣል። ቃሉን በአማርኛ ፊደል ጻፉት፣ ከዛ ሳድስ ያልሆኑትን ፊደሎች ቁጠሩ፣ የሲላባው ብዛት እሱ ነው። ፓርሌሮ፦ ፓ፣ ሌ፣ ሮ፣ ሶስት ሲላባ፣ ር ሳድስ ስለሆነች አትቆጠርም። ፓርሌራንኖ፦ ፓ፣ ሌ፣ ራ፣ ኖ፣ አራት። ፓርሌራይ፦ ይ ሳድስ ነች፣ ስለዚ ሶስት፣ ጣልያኖቹም "ራይ"ን አንድ ላይ ነው ሚይዙት አይቆርጡትም። ስለዚ ጠቅላላው ጥያቄ ወደ አንድ ይጠባል፣ ሳድሷን ለማን እንስጣት፣ ለግራው ወይስ ለቀኙ?

ር፣ ል፣ ም፣ ን ከሆነች ለግራ። ፓር-ሌ-ሮ፣ ዶር-ሚ-ሮ፣ ማን-ጄ-ሮ። ሚጠብቅ ፊደል ከሆነ አንዷን ለግራ አንዷን ለቀኝ፣ ምንም ክርክር የለውም፣ ቬር-ሮ፣ ሪ-ማር-ሮ፣ ፓር-ሌ-ራን-ኖ። ከር ወይም ከል በፊት የቆመች ሌላ ሳድስ ከሆነች ደግሞ ለቀኝ፣ አንድ ላይ ተያይዘው ይሄዳሉ፦ አ-ቭሮ፣ ፖ-ትሮ፣ ዶ-ቭሮ፣ ሳ-ፕሮ፣ ቬ-ድሮ። አንድሮ ላይ ሁለት ሳድስ ተከታትለው መጡ፣ ሁለቱንም ህግ ተጠቀሙ፣ ንን ለግራ፣ ድን ለቀኝ፣ አን-ድሮ (ወደፊት ግስ ውስጥ "ድሮ" መገኘቷ ለመያዝ ትመቻለች)። ቃል መጀመሪያ ላይ ያለች ሳድስ ምርጫ የላትም፣ ፕሬን-ዴ-ሮ።

ስ ግን አማርኛ ተናጋሪን ታስቸግራለች። እኛ ፓስታ ስንል ፓስ-ታ ነው ምንለው፣ የነሱ የጽሁፍ ህግ ግን ስን ሁልጊዜ ለቀኝ ይሰጣል፣ ፓ-ስታ። ስለዚ መቅረት፣ ሬስታሬ፣ ወደፊቱ ሬ-ስቴ-ሮ ነው፣ መጠበቅ፣ አስፔትታሬ፣ አ-ስፔት-ቴ-ሮ። ስ ራሷ ስትጠብቅ ብቻ ነው ምትከፈለው፣ ፓስ-ሴ-ሮ፣ አልፋለሁ። አፋቸውን በደንብ ካዳመጣችኋቸው ስ ወደ ግራ ምትሄድ ሊመስላችሁ ይችላል፣ የቋንቋ ሰዎችም ይከራከሩበታል፣ ወረቀት ላይ ግን ክርክር የለም።

ሌላው ከየ በፊት ያለች ሳድስ ነች፣ እሷም ለቀኝ፣ ር ወይ ል ብትሆንም እንኳ። ስቱ-ድዬ-ሮ፣ ካም-ብዬ-ሮ፣ ስባ-ልዬ-ሮ። መጥራት ወይ መደወል፣ ክያማሬ፣ ክያ-ሜ-ሮ፣ እዚህ ጋር "ኪያ" ብላችሁ በሁለት እንዳትጽፉት፣ ክያ አንድ ሲላባ ነች። ማኪያቶን አስቡት፣ እኛ ማ-ኪ-ያ-ቶ ብለን በአራት ነው ምናዘው፣ እነሱ ማክ-ክያ-ቶ፣ ሶስት። ፒያሳም እነሱ ጋር ሁለት ሲላባ ብቻ ነች። ኝ፣ ሽ፣ ች፣ ጅ ሚሉት ድምፆች በላቲኑ ሁለት ሶስት ፊደል ቢፈጁም አይሰበሩም፣ በኛ ፊደል ደግሞ አንድ አንድ ፊደል ስለሆኑ ልትሰብሯቸውም አትችሉም፦ ላ-ሼ-ሮ፣ ሶ-ኜ-ሮ።

መስመር መጨረሻ ላይ ግን አንዲት አናባቢ ብቻዋን ባትተዉ ይመረጣል። አ-ቭሮ ትክክለኛ አቆራረጥ ነው፣ ግን አን ብቻ እላይ ጥላችሁ ቭሮን ወደ ታች ማውረድ ያስቀይማል፣ ቃሉን እንዳለ ታች አውርዱት።

አሁን ወደ ትልቁ ወጥመድ። ፓርሌሬሞ እንናገራለን ነው። ፓርሌሬምሞ ደግሞ እንናገር ነበር፣ ማለትም "ቢሆንልን ኖሮ" ሚለው። ልዩነቱ የም መጥበቅ ብቻ ነው። እንግሊዝኛ ብቻ ሚያውቅ ሰው እዚህ ጋር ወራት ይፈጅበታል፣ እኛ ግን "ገና ገና ነው" ብለን ያደግን ሰዎች ነን፣ የመጀመሪያዋ ጠብቃ በዓሉ፣ ሁለተኛዋ ላልታ "ሩቅ ነው"። ጆሮው አለን። የጎደለን እጁ ነው፣ ፊደላችን ማጥበቂያ ስለማይጽፍ እጃችን ሁለቴ መጻፍ አልለመደም፣ ስለዚ ሰምተነው በትክክል፣ ስንጽፈው ግን አንዷን ም እንበላታለን። መድሃኒቱ ሲላባው ነው፣ ስትጽፉ በውስጣችሁ ቁረጡት፣ አን-ድሬ-ሞ ላይ ድሬ ክፍት ሆና ትቀራለች፣ አን-ድሬም-ሞ ላይ ከንፈራችሁ ድሬም ላይ ይዘጋና ትንሽ ይቆያል። ዶማኒ አንድሬሞ አል ማሬ፣ ነገ ባህር ዳርቻ እንሄዳለን፣ ሻንጣ አዘጋጁ። አንድሬምሞ አል ማሬ፣ እንሄድ ነበር፣ ግን ስራ አለ፣ ሻንጣው ይቀመጥ።

ይሄኛው፣ ኮንዲትስዮናሌ ሚሉት፣ አሰራሩም ደስ ይላል፣ ከኋላው የተለጠፈው ያው የ"አለኝ" ግስ ነው ግን በሃላፊ ጊዜ፣ ፓርሌሬብቤ ውስጥ ያለው ኤብቤ። እኛስ? "ይናገር ነበር"። አለ ሲሆን ወደፊት፣ ነበር ሲሆን ምኞት። ሌላ ተጠንቀቁ ምላችሁ ፓርሌሬይና ፓርሌራይ ነው፣ በኤ ከሆነ እኔ እናገር ነበር፣ በአ ከሆነ አንተ ትናገራለህ፣ አንዷን ስታጠፉ ሰውዬውም ይቀየራል።

ጭነቱስ፣ ማለትም ቃሉ ውስጥ ጫን ተብሎ ሚነገረው ቦታ፣ የት ነው ሚያርፈው? ፉቱሮ ላይ ሁልጊዜ መጨረሻው ላይ፣ ግንዱ ላይ በፍፁም። ፓርሌሮና ፓርሌራ ላይ መጨረሻ ፊደሏ ራስ ላይ ጭረት ይደረጋል፣ ከግራ ወደ ቀኝ ምትወርደዋ፣ ሌላዋ አይደለችም። ስልክ ላይ ፊደሏን ጫን ብላችሁ ስትቆዩ ትመጣለች። ጭረቷ ጌጥ እንዳትመስላችሁ፣ "ሳራ ሳራ ስታንካ" ሚለውን እዩት፣ የመጀመሪያዋ ሳራ ስም ነች፣ ፊቷ ላይ ነው ጫን ሚባለው፣ ሁለተኛዋ ግስ ነች፣ መጨረሻዋ ላይ፣ ጭረቷን ከረሳችሁ ሴትዮዋን ሁለቴ ጠራችኋት። ሮምና ወደ ደቡብ ደግሞ ከጭረቷ በኋላ ሚመጣውን ተነባቢ ያጠብቁታል፣ "ሳራ ቤልሎ" ሳይሆን "ሳራብቤልሎ" ነው ምትሰሙት፣ አይጻፍም፣ ዲክቴሽን ላይ እንዳያታልላችሁ።

ያቺ የሳራ አረፍተ ነገር ትርጉሟ ሳራ ደክሟት ይሆናል ነው። ወደፊት አይደለም፣ ግምት ነው፣ እኛም "ይሆናል" ብለን ምንገምተው በወደፊት ቅርፅ ነው እኮ። ሳራንኖ ሌ ትሬ፣ ዘጠኝ ሰዓት ይሆናል። አፍ ላይ ፉቱሮን በብዛት ምትሰሙት እንደውም ለዚህ ነው፣ ነገ እሄዳለሁ ለማለት ብዙው ሰው "ዶማኒ ቫዶ" ብሎ በአሁን ጊዜ ይገላገላል፣ ወደ ሲሲሊ ከወረዳችሁማ ፉቱሮን በወሬ መሃል ፈልጋችሁ ነው ምታገኙት። በወግ ሲነገር ግን ይመጣል፣ ባቡር ጣቢያ ፓርቲራ ሲል ትሰማላችሁ፣ ይነሳል፣ አርሪቬራ፣ ይደርሳል፣ ከነመዘግየቱ። ስራ ልትቀጠሩ ሄዳችሁ መጨረሻ ላይ "ሌ ፋሬሞ ሳፔሬ" ካሏችሁ እናሳውቅዎታለን ማለት ነው፣ ስልኩን ባትጠብቁ ይሻላል። "ቬድሬሞ" ደግሞ የኛ "እናያለን" ነው፣ ትርጉሙም ሃሳቡም፣ ብዙ ጊዜ እምቢታ።

አንድ ለኛ ማይመቸን ቦታ አለ። "ስደርስ እደውላለሁ" ስንል ስደርስ ላይ አለሁ የለም፣ አንዱ ግስ ብቻ ነው ሚሸከመው። ጣልያንኛ በስርዓቱ ሲጻፍ ሁለቱም ፉቱሮ ናቸው፣ ኳንዶ አርሪቬሮ፣ ቲ ክያሜሮ። በወሬ ሁለቱንም አሁን ጊዜ ቢያደርጓቸው ችግር የለውም፣ ኳንዶ አርሪቮ ቲ ክያሞ፣ አንዱን ወዲህ አንዱን ወዲያ ግን አታድርጉ።

ለልምምድ "ኪ ቪቭራ ቬድራ" ሚሉትን ተረት ያዙ፣ የኖረ ያያል ነው፣ ኪ ቪ-ቭራ ቬ-ድራ፣ የመበላቱም የሳድሷም ህግ እዛው ውስጥ አለ። ከዛ እነዚህን መልሱን ሳታዩ ሞክሩ፦ አስኮልቴራይ፣ ትራዱርሮ፣ ዲሜንቲኬራንኖ፣ አክኮምፓኜሬሞ።

አ-ስኮል-ቴ-ራይ፣ ታዳምጣለህ፣ ስ ለቀኝ ል ለግራ። ትራ-ዱር-ሮ፣ እተረጉማለሁ፣ እዚህ ር የጠበቀችው ወደፊቱ ላይ አናባቢ ተበልቶ አይደለም፣ ግሱ ራሱ ትራዱርሬ ስለሆነ ነው። ዲ-ሜን-ቲ-ኬ-ራን-ኖ፣ ይረሳሉ፣ በላቲን ስትጽፉት ኬ ላይ አክካን አትርሱ። አክ-ኮም-ፓ-ኜ-ሬ-ሞ፣ እንሸኛለን። መጨረሻ ላይ ሬም-ሞ ብላችሁ ከጻፋችሁት ግን መኪናው የለም ማለት ነው፣ እንግዶቹ በእግራቸው ይሂዱ።